የአክስቴ እጅና ቀዩ ነጥብ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የምሠራበት ሱቅ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ፎርማት ያደርጋል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፤ ዝናብ ሲበረታ ደግሞ መንገደኛ ያስጠልላል። ባለቤቱ ከእኔ በአሥር ዓመት ያህል የሚበልጥ ተጫዋች ሰው ነው። የማይቀልድበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የዊንዶውስ ሰባት መልክ። በእሱ አስተያየት የኮምፒውተር ውበት እዚያ ላይ አልቋል። የመስኮቶቹ ጠርዝ እንደ መስታወት ከኋላ ያለውን ያሳይ ነበር፤ ቁልፎቹ ከፍ ከፍ ያሉ፣ ሲነኳቸው የሚበሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ምንም ያልተሰቀለበት ግድግዳ ነው ይላል። ጽሑፉ የሚነበብ ይሁን የሚነካ በምን ይታወቃል? ተማሪ መጥቶ ዊንዶውስ አሥር ጫንልኝ ሲለው ይጭንለታል፤ ሲያስረክበው ግን አስተዛዝኖ ነው።

ተማሪዎቹም ዝም አይሉም። አዲሱ ቀላል ነው፣ ንጹህ ነው፣ ያንተ መስታወት ዓይን ይወጋል ይሉታል። እሱ ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር የሚወድ ሰው ሰሌዳ ይግዛ ይላቸዋል። ዝናቡ እስኪያባራ ክርክሩ ይቀጥላል።

እኔ አልገባበትም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኮምፒውተር ሳይንስ ስለሆነ አስተያየት አጥቼ አይደለም። ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ ልናገር ያሰብኩት ስለሚጠፋብኝ ነው። ስለዚህ በልቤ እይዘዋለሁ። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው ኡቡንቱ ነው። የጫንኩት ለመልኩ ብዬ አልነበረም፤ ተማሪ ሳለን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመት ቫይረስ የሁላችንንም ፋይል እየደበቀ ስላስመረረን ነው። መጀመሪያ ስከፍተው ብርቱካንማውና ሐምራዊው ቀለም የሠርግ አዳራሽ መሰለኝ። ውሎ አድሮ ለመድኩት። የሱቁ ባለቤት ግን አሁንም ስክሪኔን ባየ ቁጥር “ዛሬም ሠርግ አለ?” ይለኛል።

ዊንዶውስ አሥርን አልጠላውም። ጠዋት በደንብ የተጠረገ፣ ሠራተኛው ገና ያልገባበት ቢሮ ይመስለኛል። ማክን በዚያን ጊዜ በቅርብ አላየሁትም ነበር። አንድ ነገር ግን አስተውዬ ነበር፤ እነዚህ ሁሉ ተፎካካሪዎች በሌላ በሌላው ቢለያዩም መስኮት መዝጊያው ላይ ይስማማሉ። መዝጊያው ቀይ ነው፤ ቀይ ካልሆነም ወደ ቀይ የሚጠጋ ነው። ይህን ያስተዋልኩት እንዲሁ ነው፤ ይጠቅመኛል ብዬ አልነበረም።

ወላጆቼ ማጂ ስለሚኖሩ ያደግሁት አክስቴ ዘንድ ነው። አክስቴ ከሸኮ አለፍ ብሎ፣ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ተረካቢ ናት። ገበሬው ለቅሞ ያመጣውን እሸት ቡና ከመመዘኑ በፊት የምታየው እሷ ናት። ላይ ላዩን አታይም። እጇን እስከ ክርኗ ቡናው የመጣበት ማዳበሪያ ውስጥ ትከትና ከሥር ዘግና ታወጣለች፤ መዳፏን ዘርግታ ታየዋለች፤ ከዚያ “ይገባል” ወይም “ይመለስ” ትላለች። ጥሬ የተቀላቀለበት ከሆነ “ይለይ” ብላ እዚያው ተለይቶ እንዲመጣ ታዛለች። ከዚያ ያለፈ ብዙ አትናገርም። ሰው የሚጨቃጨቃት ደግሞ በቤንችኛም በሸክኛም ነው፤ እሷ በመጣበት ቋንቋ ትመልሳለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስልክ ደወለች። በመጪው ለቀማ ርክክቡ በላፕቶፕ ሊሆን ነው። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር መሣሪያውን መጠቀም የሚችል ብቻ ተረካቢ ይሆናል፣ ያልቻለ ወደ ማድረቂያ አልጋ ይዛወራል ብለዋል። ማድረቂያ አልጋ ማለት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ በረጃጅሙ አልጋ ዳርና ዳር እየተመላለሱ የታጠበውን ቡና ማገላበጥ ነው። አክስቴ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ሰው ሁሉ ለመዝሙር ሲቆም እሷ ተቀምጣ መዘመር ከጀመረች ቆይታለች። ይህን በስልኩ አላነሣችም። “ልጄ፣ ይሄ ያንቺ ነገር አይደል? መጥተሽ አሳዪኝ” ብቻ አለችኝ። ከዚያ በፊት አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ከበር ተቀበሉኝ። ሚዛን ተወልደው ያደጉ፣ አባታቸው በድሮ ጊዜ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ እንኳ ነጭ ሸሚዝ የሚለብሱ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር የተማርኩ መሆኔን ሲሰሙ “ኢንጂነር” ብለው ጠሩኝና በቀጥታ ወደ ቢሯቸው ወሰዱኝ። ከዱባይ ወንድማቸው የላከላቸውን ማክ በሁለት እጃቸው ከመሳቢያ አወጡት።

እውነቱን ለመናገር ያምራል። ፊደሎቹ ቀጭንና ጥርት ያሉ ናቸው፤ የእኛም ፊደል በእንግድነት የገባ አይመስልም። በየመስኮቱ ሥር ያለው ጥላ በቁጠባ የተሠራ ነው፤ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚጥለውን ያህል ብቻ። ላይ፣ በስተግራ ጥግ፣ ሦስት ትንንሽ ክብ ነጥቦች አሉ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ሥራ አስኪያጁ ጣታቸውን ሳያስነኩ አሳዩኝ።

“አየሽ? አንድም ጽሑፍ የለም” አሉ። “ጽሑፍ የበዛበት ነገር የቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው የሚመስለኝ።”

ከዚያ የጣቢያውን ላፕቶፕ ከፈቱ። እሱ ዊንዶውስ ነው፤ የርክክቡ ፕሮግራም ግን ከጅማ የመጣ ባለሙያ ለብቻው የሠራው ነው። ሥራ አስኪያጁ ባለሙያውን አጠገባቸው አስቀምጠው የራሳቸውን ማክ እንዲያስመስልላቸው አድርገውታል። ገጹ ነጭ ነው። የአምጪው ስምና ክብደቱ ከላይ ይጻፋል፤ ከሥሩ ሦስት ትልልቅ ክብ ነጥቦች አሉ። አረንጓዴው ይገባል፣ ቢጫው ተለይቶ ይምጣ፣ ቀዩ ይመለስ። ነጥቦቹ ላይ ምንም አልተጻፈም። ከሠራተኞቹ አንዱ ሲያየው ባንዲራው ተዘቅዝቋል ብሎ ቀልዶ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ጽሑፍ የሌለው ለውበት ብቻ እንዳልሆነም አስረዱኝ። እዚህ የሚሠራው ሰው የተለያየ ነው፤ አንዱ ቤንች፣ አንዱ ሸኮ፣ አንዱ ካፋ ነው፤ የሚያነብ አለ፣ የማያነብ አለ። “ቀለም ቋንቋ የለውም” አሉ። ሐሳቡ ትክክል መሰለኝ። ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ነው የተማርነው። እንዲያውም በልቤ አደነቅኳቸው።

ትምህርቱን የጀመርነው መረከቢያው መጠለያ ሥር ነው። ለመለማመጃ እንዲሆን ከአጥሩ ጥግ ካሉት፣ ቀድመው ከሚቀሉት ዛፎች የተለቀመ ቀይም ጥሬም ቡና በየማዳበሪያው ተቀምጦ ነበር። የመጀመሪያው ችግር የአክስቴ ጣት ነበር። ላፕቶፑ ላይ ያለው መዳሰሻ አልሰማ አላት፤ የጣቷ ጫፍ ከሥራ ብዛት ስለደነደነ ነው። ማውስ ሰካሁላት። ማውሱን ከጠበቅኩት በላይ ቶሎ ለመደችው። ፊደሎቹን በአንድ ጣት እየፈለገች ስም ጻፈች። አክስቴ ብዙ ባትማርም መጽሐፍ ቅዱሷን በደንብ ታነባለች፤ ስለዚህ በጽሕፈቱ ብዙ አልተቸገርንም።

ቀለሞቹንም በቃሏ ያዘች። አረንጓዴው ምንድነው ስላት ይገባል ትላለች፤ ቀዩስ ስላት ይመለስ። ገልብጬ ብጠይቃትም አትሳሳትም። እንግዲህ አለቀ ብዬ ማዳበሪያ አስመጣሁ። ሁልጊዜ እንደምታደርገው እጇን ከተተች፤ ከሥር ዘግና አየች። አንድም ጥሬ የሌለበት ቀይ ቡና ነበር። “ይገባል” አለችና ቀዩን ነጥብ ነካች።

ስክሪኑ ቡናው መመለሱን አሳየ። አክስቴ ራሷ ደነገጠች። ደገምነው። እንደገና “ይገባል” አለች፤ እንደገና እጇ ቀዩ ላይ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ሥራ አስኪያጁ በአጠገባችን ሲያልፉ ቆም ብለው አዩ። እኔን ገለል አድርገው፣ ትምህርት በልጅነት መሆኑን፣ ብዙ እንዳልደክም፣ የማድረቂያ አልጋም ቢሆን የተከበረ ሥራ መሆኑን በደግነት ነገሩኝ። ገለል ያልነው ግን ብዙ አልነበረም። ስመለስ አክስቴ ማውሱን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች ነበር።

ምክንያቱን እንደተማርኩት ፈለግኩ። የማውሱን ፍጥነት ቀነስኩ። ዓይኗን ተጠራጥሬ ነጥቦቹን ከሩቅ አስቆጠርኳት፤ ከእኔ ይልቅ አርቃ ታያለች። ቀዩ በስተግራ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ያገኘችውን እየነካች ይሆን አልኩ። ይህም አልሆነም፤ ማዳበሪያ በሌለበት ጠይቄ ሳስነካት ሁሉንም በትክክል ትነካለች። ችግሩ የሚመጣው ቡናው ፊቷ ሲሆን ነው።

ለምሳ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ አቀረበች። ከፊት ለፊታችን ሁለት ሴቶች ኬሻ ላይ የፈሰሰ ቡና ይለቅሙ ነበር። ታላቂቱ ታናሿን እየተቆጣች “ቀይ ቀዩን፣ ቀይ ቀዩን ነው ያልኩሽ” ትላለች። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እኔንም ለቀማ ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። አረንጓዴ ስቆርጥ እጄን መታ ታደርገኝ ነበር። ያልበሰለ አንድ ፍሬ የስንት ሰው ድካም ያበላሻል፤ እጅሽ ወደ አረንጓዴ ሲሄድ እንዳላይ ትለኝ ነበር።

እኔ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ገባሁ። የመምህሮቼ ቀይ እስክሪብቶ ሌላ ቀይ አስተማረኝ። ጅማ ስሄድ ደግሞ የትራፊክ መብራት አየሁ። በእኛ በኩል የትራፊክ መብራት የለም፤ እኔ እስከማውቀው። አክስቴ እነዚህ ሁለቱ አልደረሷትም። ለእሷ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሦስቱ ቀለሞች በየዓመቱ አብረው ይወጣሉ፤ ትርጉማቸውም ያለቀለት ነው።

ከምሳ በኋላ ሆን ብዬ ጥሬ የበዛበት ማዳበሪያ አስቀረብኩላት። ዘግና አየችና “ይመለስ” ብላ አረንጓዴውን ነካች። የተቀላቀለውን ስትረከብ ቢጫውን ነካች፤ ትክክል። በቢጫው ላይ ብቻ እሷና ሥራ አስኪያጁ ይስማማሉ ማለት ነው። ደጋገምኩት። አንድም ጊዜ ከዚህ አልወጣችም። በዘፈቀደ የምትሳሳት ቢሆን ኖሮ ልምምድ ያስተካክላት ነበር። የእሷ ግን ሥርዓት ያለው ስህተት ነበር።

ምክንያቱን ነገርኳት። ሳቀች።

“እኔማ አውቀዋለሁ። እጄ ነው እምቢ ያለው” አለች።

ታዲያ እጄን አስለምደዋለሁ፣ ሌላውንስ ለምዶ የለ እንዴ አለች፤ እስኪመሽ ልትለማመድ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ማዳበሪያውን ጎተት አድርጋ እጇን ከተተች። ወዲያው አላወጣችውም። ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር ተናገረች።

“እጄ ይሄን ከረሳ ግን ቡናውን በምን ልረከብ ነው?”

ለሥራ አስኪያጁ መናገር እንዳለብኝ ገባኝ። ከመጠለያው እስከ ቢሮው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እኔ ግን ውኃ ልጠጣ ብዬ በቧንቧው በኩል ዞርኩ፤ ከዚያም ጫማዬን አጠብኩ። የምለውን በልቤ አዘጋጀሁ። ስገባ ማካቸው ተከፍቶ ነበር፤ ቀና ብለው ሲያዩኝ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

“ጋሼ፣ ቀለሙ ነው” አልኩ።

“ቀለሙ ምን ሆነ?”

“እዚህ ቀይ ማለት ይገባል ማለት ነው።”

ፈገግ አሉ። ወንበር አሳዩኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቀይ በዓለም ሁሉ ቁም ማለት እንደሆነ፣ አዲስ አበባም ዱባይም ብሄድ ይኸው እንደሆነ፣ ዓለም ለአንድ ጣቢያ ብሎ ቀለሙን እንደማይቀይር በትዕግሥት አስረዱኝ። ሁሉም እውነት ነው። መጨረሻ ላይ፣ “ቀለም ቋንቋ የለውም አልኩሽ እኮ፣ ኢንጂነር” አሉ።

“አለው፣ ጋሼ። እዚህ አለው” አልኩ።

ድምፄ ከፍ ያለ አልነበረም። እሳቸው ግን ማካቸውን ዘጉና ተነሡ። ተቆጥተው ይሆን ብዬ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ። መጠለያው ሥር ሲደርሱ አክስቴን አስነሥተው ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። ነጭ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። በሉ አምጡ አሉ። አክስቴ ቀይ ቡና የሞላበትን ማዳበሪያ አፉን ከፍታ አቀረበችላቸው። አዩት፤ ያለ ምንም ማመንታት አረንጓዴውን ነኩ። ሌላ ቀረበላቸው፤ አሁንም አረንጓዴውን። ወደ እኔ ዞር ብለው “ይኸው” አሉ።

የመለሰችላቸው አክስቴ ናት።

“እርስዎማ ለቅመው አያውቁም” አለቻቸው።

አጠገባችን የነበረው መዛኝ ፊቱን ወደ ሚዛኑ አዞረ። ቡና የሚለቅሙት ሁለቱ ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሥራ አስኪያጁ ቀላ አሉ፤ ነገር ግን የሚያኮርፉ ሰው አይደሉም። ትንሽ አሰቡና ከሴቶቹ ታላቂቱን ጠሯት። ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ቀይ ቡና ያለበትን ማዳበሪያ አሳዩዋት፤ ይሄ ይገባል ካልሽ ከእነዚህ አንዱን ንኪ አሏት። የትኛው ምን እንደሆነ አልነገሯትም። ማውስ የሚባለውን ስላላወቀችው ጣቷን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ አሳረፈች፤ ቀዩ ላይ። የቡና ጭማቂ ያለበት አሻራዋ እዚያው ቀረ። ታናሿም ተጠራች፤ አሻራዋ ታላቂቱ ካሳረፈችበት ላይ አረፈ። መዛኙም መጣ። አንድ ገበሬ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ተጠራ፤ ጃንጥላውን ሳያጥፍ ጎንበስ ብሎ ነካ። ቀዩ ነጥብ በአሻራ ተሸፍኖ ሌሎቹ ሁለቱ ንጹሕ እንደሆኑ ቀሩ።

ሥራ አስኪያጁ መሐረባቸውን አውጥተው ስክሪኑን መጥረግ ጀመሩ። ጭማቂው ስለሚያጣብቅ ቶሎ አልለቀቀም። እየጠረጉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ “እና ምን ይደረግ?” አሉ።

ቀለሞቹን ማቀያየር መጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ጣሉት፤ ጣቢያውን ለመቆጣጠር ከውጭ የሚመጡ ሰዎች የዓለሙን ቀይ ይዘው ይመጣሉ፤ በእነሱ ዓይን የገባው ቡና ሁሉ የተመለሰ ይመስላል አሉ። ልክ ናቸው። እዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ተስማማሁ። ስለዚህ ቀለሙ ጨርሶ ይውጣ አልኩ። መሣሪያው ላይ የሚቀመጠው ተረካቢው ብቻ ነው፤ ተረካቢ ደግሞ የአምጪውን ስም መጻፍ ስላለበት ማንበብ ይችላል። ግራጫ ቁልፍ ይሁን፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ላዩ ላይ ጽሑፍ ያለበት። ይህን ስናገር እጄን እያየሁ ነበር። ቀና ስል ፊታቸው ላይ እውነተኛ ሐዘን አየሁ።

“ቀበሌ አደረግሽው” አሉ።

የጅማው ባለሙያ በስልክ እየመራኝ ቀየርኩት። ነጥቦቹ ሄዱ፤ በቦታቸው ሦስት ግራጫ አራት ማዕዘኖች ገቡ። የቁልፉን ጠርዝ ከፍ ያለ ማስመሰል ላይ ስቸገር ወደ ሱቃችን ደወልኩ። ባለቤቱ ምን እንደምሠራ ሲሰማ ደስታው በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር። ከላይና ከግራ ብርሃን፣ ከታችና ከቀኝ ጥላ አድርጊለት አለኝ። ጥላው እንዳይሳሳ፣ በደንብ እንዲታይ፣ እንዳላፍርበት ደጋግሞ አሳሰበኝ። ሲጨርስ የእኔን ሠርግም እንደዚሁ እንዳስተካክል መከረኝ።

የወጣውን ነገር ራቅ ብዬ አየሁት። ከሠራሁት ሁሉ አስቀያሚው እሱ ነው፤ ይህን ስል ትሕትና አይደለም። የማኩ ስስ ጥላ የለውም፤ የኡቡንቱ ድምቀት የለውም፤ የዊንዶውስ ሰባት መስታወትም አይደለም። ሳንቲም የሚያስከፍል የድሮ ስልክ ይመስላል። ፊደሉን ትልቅ አደረግሁት። “ይገባል”፣ “ይለይ”፣ “ይመለስ” ብዬ ጻፍኩበት፤ ሌላ የተሻለ ቃል መፈለግ አላስፈለገኝም፤ እሷ ጠዋት ማታ የምትለው ነው።

አክስቴ ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከኋላዋ ቆሙ። እጇን ከተተች፤ ዘግና አየች፤ ቀይ ነበር። ዓይኗ ወደ ስክሪኑ ሄዶ ትንሽ ፈለገ። ከንፈሯ ሲያነብ አየሁት። ከዚያ ነካች። ገባ። ሁለተኛው ጥሬ የበዛበት ነበር፤ እሱም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያዛት የቀሩትን ማዳበሪያዎች ሁሉ አንድ በአንድ ተረከበች፤ በአንዱም አልተሳሳተችም። ከቀድሞው ትዘገያለች፤ ይህን ሥራ አስኪያጁም አይተውታል።

“እሺ፣ እሷ እዚሁ ትቀመጥ” አሉ በመጨረሻ። “ግን ይሄን ነገር እንግዳ ሲመጣ ክደኑልኝ።”

ወደ ቤት ስንሄድ ጉልበቷን እያሻሸች ቀስ ብላ ትራመድ ነበር። ደስ ብሏት እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እኛ እንዲህ ያለውን አንጠያየቅም። አጥሩን ካለፍን በኋላ የመጀመሪያው እኮ ያምር ነበር አለችኝ። ነጩ ገጽ፣ ክብ ክቡ ነገር። ይሄኛው የጠፋ ከሰል መስሏል አለች። ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ግን ወዲያው ጨመረችልኝ።

ለቀማው ሲደርስ እንደገና ሄድኩ፤ ዘመድ ልጠይቅ እንጂ ሥራ ኖሮኝ አልነበረም። መጠለያው ሥር ገበሬዎች ተሰልፈዋል። ላፕቶፑ የዳንቴል ልብስ ወጥቶለታል። ሥራ አስኪያጁ ክደኑልኝ ስላሉ አክስቴ በክረምቱ መጨረሻ በኪሮሽ የሠራችው ነው፤ ዙሪያውን ቀይ ክር አዙራበታለች። እንግዳ ሲመጣ ስክሪኑ ዝቅ ይልና ዳንቴሉ ይወርድበታል። የመጡት ሁሉ ስለ ዳንቴሉ እንደሚጠይቁ፣ አንዷማ ለቴሌቪዥኗ እንድትሠራላት እንዳዘዘቻት ነገረችኝ። ማካቸውን በሁለት እጅ የሚይዙት ሥራ አስኪያጅም ለእሳቸው አንድ እንዲሠራላቸው ጠይቀዋል፤ ነጭ ብቻ፣ ያለ ክሩ።

ሱቅ ውስጥ ክርክሩ አላቆመም። ባለቤቱ አሁን አዲስ ማስረጃ አግኝቷል፤ ለተማሪዎቹ ሁሉ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠርዝ ያለው ቁልፍ ጠፍጣፋውን እንዴት እንዳሸነፈ ይተርካል። ነገሩ እንዲያ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ጠርዙ ምንም አላደረገም። አላርመውም።

ያን ቀን ሰልፉ እስኪያልቅ ከጎኗ ባለው ግንድ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። አንድ ሽማግሌ ማዳበሪያቸውን አስጠጉ። አክስቴ ቀኝ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች፤ ግራ እጇ ማውሱ ላይ ነበር። የዘገነችውን ለሽማግሌውም አሳየቻቸው። ስክሪኑን አላየችውም። “ይገባል” አለች፤ ቁልፉን ነካችው፤ መዛኙም ቀጣዩን ጠራ።